በአሜሪካ ለሚኖሩ አረጋውያን ወላጆቻችን ድጋፍና ደኅንነት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እናቴ 68 ዓመታቸው ነው። ግሪን ካርድ አግኝተው ሜሪላንድ እኔ ዘንድ ከመጡ ሁለት ዓመት ሆናቸው፤ እኔ ሥራ ስለምውል ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ናቸው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ በመጀመሪያ ኤልደርኬር ሎኬተር ወደተባለው ነፃ የመንግሥት የስልክ አገልግሎት በ1-800-677-1116 ይደውሉ፤ በሚኖሩበት አካባቢ ካለው የአረጋውያን ጉዳይ መሥሪያ ቤት ጋር ያገናኙዎታል። በ1965 በወጣው የአረጋውያን ሕግ የሚደገፉት አገልግሎቶች፣ ማለትም የምሳ ፕሮግራም፣ ትራንስፖርት፣ የአረጋውያን መዋያና ለአስታማሚ ቤተሰብ የሚሰጥ እገዛ፣ በአብዛኛው 60 ዓመት ለሞላቸው የተዘጋጁ ናቸው፤ ሕጉም ገቢን መስፈርት ማድረግ አይፈቅድም። «ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) ስለሌላቸው ምንም አያገኙም» ብለው ሳይደውሉ የሚቀሩ ልጆች ብዙ መሆናቸው በጣም ያሳዝነኛል። ሲደውሉ «ምን አገልግሎት አላችሁ?» ብለው ከመጠየቅ ይልቅ ችግሩን በዝርዝር ይንገሯቸው፦ እናቴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻቸውን ይውላሉ፣ እንግሊዝኛ አይናገሩም፣ አውቶቡስ ብቻቸውን መሳፈር አይችሉም። ተራ መጠበቅ ካለ ስማቸውን በዚያው ዕለት ያስመዝግቡ።

ጥያቄ፦ በዋናነት 65 ዓመት ለሞላቸው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን፣ ሜዲኬርስ?

መልስ፦ እናትዎ ወይም ባለቤታቸው በአሜሪካ በቂ ዘመን ሠርተው ግብር ካልከፈሉ፣ ግሪን ካርድ ይዘው 5 ዓመት ያለማቋረጥ ከኖሩ በኋላ ወርኃዊ ክፍያ እየከፈሉ መግባት ይችላሉ። በየስቴቱ ነፃ የሜዲኬር አማካሪዎች ስላሉ ውሳኔ ከመስጠትዎ በፊት ያነጋግሯቸው።

ጥያቄ፦ አባቴን ሐኪም ቤት የምወስደውና የማስተረጉመው እኔ ነኝ። ይህ ስህተት ነው?

መልስ፦ አብረዋቸው መገኘትዎ መልካም ነው፤ ማስተርጎሙን ግን ለባለሙያ ይተዉት። አባት ስለ ሽንት ችግራቸው ወይም ስለ ጭንቀታቸው በልጃቸው አንደበት መናገር ያፍራሉ፤ ሐኪሙም የሚሰማው ግማሹን ብቻ ይሆናል። በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ማቅረብ ይጠበቅበታል። ቀጠሮ ሲይዙ «አማርኛ አስተርጓሚ» ብለው ያስመዝግቡ።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው ከሶሻል ሴኩሪቲ (ከመንግሥት የጡረታ መሥሪያ ቤት) ነኝ ብሎ ለአክስቴ ደውሎ «የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርሽ ታግዷል፣ ጊፍት ካርድ (የስጦታ ካርድ) ግዢ» አላቸው። አክስቴም ገዝተው የካርዱን ቁጥር ነገሩት። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ካርዱንና ደረሰኙን ሳትጥሉ ወዲያውኑ ለካርዱ ኩባንያ ደውሉ፤ ገንዘቡ ካልወጣ ሊያስቆሙት ይችላሉ። ቀጥሎ በአረጋውያን ላይ የሚፈጸም ማጭበርበርን ለሚቀበለው የፍትሕ ሚኒስቴር መስመር በ1-833-372-8311 አመልክቱ። ማንም የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጊፍት ካርድ ክፍያ አይቀበልም። አክስትዎን ግን አይቆጧቸው፤ የተቆጡት አረጋዊ በሚቀጥለው ጊዜ ይደብቃሉ፣ አጭበርባሪውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ጥያቄ፦ በቤት ውስጥ በጣም የሚያሰጋው ምንድን ነው?

መልስ፦ በአሜሪካ 65 ዓመት ከሞላቸው ሰዎች ከ4ቱ አንዱ በየዓመቱ ይወድቃል። የሚንሸራተት ምንጣፍ ይነሣ፣ መታጠቢያ ቤት የእጅ መያዣ ይተከል፣ ሌሊት ለጸሎት ለሚነሡም ከአልጋ እስከ መታጠቢያ ቤት መብራት ይኑር። ከአገር ቤት የመጣውን ጨምሮ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ለሐኪሙ ያሳዩ፤ የግፊትና የእንቅልፍ መድኃኒት ያዞራልና።

አብዝቼ የምለምነው ስለ ከሰል ነው። ለቡናና ለዕጣን ብላችሁ በአፓርታማ ውስጥ ከሰል አታቀጣጥሉ። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ መስኮት መክፈትም በቂ አይደለም። ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላ። ዕጣኑ ያስጮኸዋል ተብሎ የጭስ ማስጠንቀቂያው ባትሪ የወጣበት ቤት ካለ ዛሬውኑ ይመለስ፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያም ይገጠም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ ወደ ውጭ ወጥታችሁ 911 ደውሉ።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ የሆኑ እናት ምግብ እንደሚከለከሉና ፓስፖርታቸው እንደተያዘባቸው ነገሩኝ። ማስረጃ ግን የለኝም።

መልስ፦ ማስረጃ ማቅረብ የእርስዎ ድርሻ አይደለም። ለካውንቲው የአዋቂዎች ጥበቃ አገልግሎት ያዩትንና የሰሙትን ብቻ ይንገሩ፤ የሚያጣሩት እነርሱ ናቸው። ቁጥሩን ከላይ ከጠቀስኩት ኤልደርኬር ሎኬተር ያገኛሉ። የቤተሰቡ አባል እንዳያስተረጉም አስቀድመው ያሳስቧቸው። ሕይወታቸውን የሚያሰጋ ነገር ካዩ ግን በቀጥታ 911 ይደውሉ።