ኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ምህንድስና፦ ከፍሬሽማን እስከ መውጫ ፈተና ምን ይጠበቅብኛል?

ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው። የፍሬሽማን ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ያለሽ የፕሪ-ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነሽ፤ የመጀመሪያው ሴሚስተር ጂፒኤሽ 3.12 ነው፤ ፊዚክስ ላይ ቢ ማይነስ አግኝተሻል። ኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ምህንድስና ለመግባትና ለመመረቅ ምን እንደሚጠየቅ፣ ፊዚክሱ ያሰናክልሽ እንደሆነ፣ በዚህ ዲግሪ ሶፍትዌር መሥራት ይቻል እንደሆነ፣ ቤተሰብ ሊገዛልሽ ያሰበው ላፕቶፕም ምን ዓይነት ቢሆን እንደሚሻል ጠይቀሻል።

ወረቀት ላይ የሰፈረው መስፈርት አጭር ነው። የ12ኛ ክፍሉን 50 በመቶ አልፈሽዋል። ቀጥሎ ፍሬሽማንን ጨርሶ በምርጫና በውጤት ዲፓርትመንት መመደብ፣ ፍሬሽማንን ጨምሮ 5 ዓመት መማር፣ ኢንተርንሺፕ መውጣት፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት ሠርቶ መከላከል፣ አጠቃላይ ጂፒኤም ሆነ የሜጀር (የዲፓርትመንቱ ኮርሶች) ጂፒኤ ከ2.00 አለማውረድ፣ አንድም ኤፍ ሳይቀር ማጥራት አለ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በብሔራዊው የመውጫ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ግድ ነው። አንዳንድ ተማሪ ይህን ሁሉ አውቆ ይገባና በ5 ዓመት ሳይሆን በ6 እና በ7 ዓመት ይወጣል። ምክንያቱ ኮርሶቹ እርስ በርስ የታሰሩ መሆናቸው ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ የቀረበብሽን ምደባ እንይ።

ምደባው በዋናነት በፍሬሽማን ውጤት ነው የሚሠራው፤ ኤሌክትሪካል ደግሞ በብዙ ግቢ ፈላጊው ብዙ ነው። እዚህ ላይ ተማሪዎች የሚሳሳቱት ሒሳብና ፊዚክስ ላይ ብቻ አተኩረው ሌላውን "ንባብ ነው" ብለው ሲተዉ ነው። አብዛኞቹ የፍሬሽማን ኮርሶች 3 ክሬዲት ናቸው። ስለዚህ ጂኦግራፊ ላይ የጣልሽው ነጥብ ፊዚክስ ላይ ከጣልሽው እኩል ይጎዳል። ባለ 3 ክሬዲት 6 ኮርስ ብትወስጂ በድምሩ 18 ነው፤ አንዱን ኮርስ ከቢ ወደ ኤ ብታሳድጊ 3 ነጥብ ለ18 ተካፍሎ ጂፒኤሽ በ0.17 ገደማ ይጨምራል። በሁለት የንባብ ኮርስ ይህን ካደረግሽ ለዚያ ሴሚስተር 0.33 ነው፤ በምደባ ላይ ትልቅ ልዩነት ነው። ሬጅስትራር ሄደሽ ደግሞ ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ምደባው በሁለቱም ሴሚስተር ድምር ነው ወይስ የ12ኛ ክፍል ውጤትም ይታሰባል፤ ለሴት ተማሪዎች የሚታከል የድጋፍ ነጥብስ አለ? የምርጫ ቅጹን ስትሞዪ ከአንደኛው በታች ያሉትንም በእውነት በምትፈልጊው ቅደም ተከተል አስገቢ። "አንደኛው ይደርሰኛል" ብሎ የቀረውን እንደነገሩ የሞላ ተማሪ ያላሰበው ዲፓርትመንት ገብቶ ያገኘዋል።

አሁን ወደ ኮርሶቹ ሰንሰለት። አፕላይድ ማትስ አንድ ለሁለት፣ ሁለት ለሦስት ፕሪሪኩዚት (ቀድሞ መታለፍ ያለበት ኮርስ) ነው። አፕላይድ ሦስት ውስጥ ያሉት ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን፣ ላፕላስ ትራንስፎርም፣ ቬክተር ካልኩለስና ኮምፕሌክስ አናሊሲስ ናቸው። ላፕላስና ፉሪየር የሌለው ተማሪ ሲግናልስ ኤንድ ሲስተምስ ላይ ይቆማል፤ ሲግናልስ ያላለፈ ደግሞ ኮንትሮልም ኮሙኒኬሽንም ዲጂታል ሲግናል ፕሮሰሲንግም መውሰድ አይችልም። በሌላው ወገን ፈንዳሜንታልስ ኦፍ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ለአፕላይድ ኤሌክትሮኒክስ፣ ለኔትወርክ አናሊሲስና ለኤሌክትሪካል ማሽንስ በር ነው። ዲጂታል ሎጂክ ደግሞ ለኮምፒውተር አርክቴክቸርና ለማይክሮፕሮሰሰር።

አደጋው እዚህ ነው፦ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ኮርስ የሚሰጠው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ አፕላይድ ሦስት ኤፍ የሆነ ተማሪ የሚያጣው አንድ ሴሚስተር መስሎት ይጽናናል፤ የሚያጣው ግን ዓመት ነው። ከኮርሱ በኋላ የተሰለፉት ሁሉ አብረው ይገፋሉና። "ኤፍ ከማገኝ ድሮፕ ላድርገው" የሚለው ምክርም ጂፒኤውን ይታደግ እንደሆነ እንጂ ጊዜውን አይመልስም። ስለዚህ ምደባ እንደደረሰሽ የመጀመሪያው ሥራሽ የዲፓርትመንቱን ካሪኩለም ከነፕሪሪኩዚቱ ወስዶ የትኛው ኮርስ የትኛውን እንደሚይዝ በአንድ ገጽ በቀስት ማውጣት ይሁን። ብዙ ቀስት የሚወጣባቸውን ኮርሶች ለይተሽ በዚያ ሴሚስተር ጉልበትሽን እዚያ ላይ አውዪ። ሲ ብታገኚባቸው እንኳ ሰንሰለቱ አይበጠስም። ምንም ቀስት የማይወጣበት ኮርስ ላይ ኤ ለማምጣት ብለሽ እነዚህን ማስራብ ግን ትልቅ ኪሳራ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፤ በካሪኩለሙ ላይ የማይታይ ነው። የአፕላይድ ሦስት የመጨረሻ ምዕራፎች፣ ማለትም ቬክተር ካልኩለስና ኮምፕሌክስ፣ ካሌንደር ሲጣበብ በሩጫ የሚታለፉት ናቸው። ፈተና ላይ ስለማይበዙም ተማሪው ደስ ብሎት ያልፋቸዋል። ሦስተኛ ዓመት ላይ ኤሌክትሮማግኔቲክ ፊልድስ ሲመጣ የመጀመሪያው ምዕራፍ ግራዲየንት፣ ዳይቨርጀንስና ከርል ነው፤ መምህሩም "አፕላይድ ሦስት ላይ ወስዳችኋል" ብሎ ይቀጥላል። ኮርሱ ከባድ ነው የሚባለው በአብዛኛው በዚህ የተነሳ ነው። ያልተሸፈነ ምዕራፍ ካለ በክረምቱ ራስሽ ጨርሺው።

ፊዚክስሽን በተመለከተ፣ ቢ ማይነስ ብቻውን ምንም አይነግረኝም። የፍሬሽማን ፊዚክስ ሜካኒክስንም፣ ሙቀትንም፣ ሞገድንም ኤሌክትሪክንም ያጨቀ ነው። ፕሮጀክታይል ላይ የጠፋ ነጥብ እዚህ ብዙም አያሳስብም። ራስሽን በእነዚህ ፈትኚ። ሁለት ባትሪና ሦስት ሬዚስተር ያለበትን ባለ ሁለት ሉፕ ሰርኪት በኪርኾፍ ሕግ ጽፈሽ የእያንዳንዱን ከረንት ከነአቅጣጫው ማውጣት ትችያለሽ? 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና 100 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ ሲሆኑ ታይም ኮንስታንቱ 1 ሴኮንድ መሆኑን፣ በ5 ሴኮንድ ውስጥም ካፓሲተሩ ከ99 በመቶ በላይ እንደሚሞላ ማሳየትስ? ሦስተኛው የሒሳብ ነው፦ 30 ሲደመር ጄ 40 ኦም የሆነ ኢምፒዳንስ (ለተለዋዋጭ ከረንት ያለ ተቃውሞ) መጠኑ 50 ኦም፣ አንግሉ 53 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 220 ቮልት ሲገናኝበት 4.4 አምፔር ይሄዳል። ይህን ያለ ጭንቀት ከሠራሽ ለፈንዳሜንታልስ ዝግጁ ነሽ። ካልሠራሽ የሚያስፈልግሽ የኮምፕሌክስ ቁጥርና የማትሪክስ ልምምድ እንጂ የዲፓርትመንት ለውጥ አይደለም።

ላብ ላይ አራት አምስት ሆናችሁ በአንድ ጠረጴዛ ትመደባላችሁ፤ አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ይጽፋል፣ የቀሩት ይገለብጣሉ። ሴቶችን "አንቺ ሪፖርቱን ጻፊ፣ ጽሑፍሽ ያምራል" ማለት የተለመደ ነው፤ እሺ አትበዪ። በየሳምንቱ ሥራ ተለዋወጡ። ብሬድቦርድ (ሰርኪት ያለ ብየዳ የሚገጣጠምበት ሰሌዳ) ላይ ሁሌ የሚደጋገሙ ስህተቶች ጥቂት ናቸው። የሁለት ፓወር ሰፕላይ ግራውንድ አለመያያዝ አንዱ ነው። ያልተገናኘ የሎጂክ ጌት ኢንፑት ሜዳ ላይ መተው ሌላው ነው፤ ውጤቱ በዘፈቀደ ይለዋወጣል። ኤልኢዲ ያለ ሬዚስተር ማገናኘትም አለ፤ በ5 ቮልት 330 ኦም ብታስገቢ 9 ሚሊ አምፔር ገደማ ስለሚሄድ በቂ ነው። መልቲሜትሩን አምፔር ላይ አድርጎ ቮልቴጅ ለመለካት መሞከር ደግሞ ፊውዙን ያቃጥላል፤ ብዙ የላብ መልቲሜትሮች ከረንት የማይለኩት በዚህ ነው።

ስትሪም (በዲፓርትመንቱ ውስጥ ያለ ልዩ ዘርፍ) የሚመረጠው አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛ ዓመት ሲያልቅ ነው፦ ፓወር፣ ኮንትሮል፣ ኮሙኒኬሽን፣ ኮምፒውተር፤ አንዳንድ ቦታ ኤሌክትሮኒክስም አለ። ሁሉም ግቢ አከፋፈሉ አንድ አይደለም። ለምሳሌ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ፓወርና ኮንትሮልን በአንድ ዲፓርትመንት፣ ኤሌክትሮኒክስና ኮሙኒኬሽንን በሌላ አድርጎ ያስተምራል። ፓወር ወደ ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል የሰብስቴሽንና የማስተላለፊያ መስመር ሥራ፣ ወደ ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የ15 እና የ33 ኪሎ ቮልት ስርጭት፣ ወደ ሕንጻ ኢንስታሌሽን ዲዛይንም ይወስዳል። ኮንትሮል የሲሚንቶ፣ የመጠጥና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው፤ እዚያ የሚፈለገው ፒኤልሲ (የፋብሪካ ማሽኖችን የሚያዝ ኮምፒውተር) ፕሮግራም ማድረግና የሞተር ድራይቭ መረዳት ነው። ኮሙኒኬሽን ኢትዮ ቴሌኮምን፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም ሳፋሪኮምን ያስባል፤ የመስክ ሥራው ግን በብዛት በኮንትራክተሮች በኩል ነው የሚሄደው። በእኔ ግምት አገር ውስጥ መሥራት ለሚፈልግ ሰው ፓወርና ኮንትሮል ከሚወራላቸው በላይ ሥራ አላቸው። ተማሪው ግን ወደ ኮምፒውተር ይጎርፋል።

ይህ ወደ ሶፍትዌር ጥያቄሽ ያመጣናል። አዎ፣ ይቻላል፤ ከኮምፒውተር ስትሪም ወጥተው በፕሮግራመርነት የሚሠሩ ብዙ ናቸው። ግን አስቢበት፦ ዳታ ስትራክቸር፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ዳታቤዝና ኔትወርክ በብዛት የሚመጡት ከስትሪም በኋላ ነው። እዚያ ከመድረስሽ በፊት ኤሌክትሪካል ማሽንስና ኤሌክትሮማግኔቲክስን ማለፍ ግድ ነው። ልብሽ ያለው አፕና ዌብሳይት መሥራት ላይ ብቻ ከሆነ ኮምፒውተር ሳይንስ በ4 ዓመት፣ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግም ግቢሽ ካለ፣ በቀጥታ ያደርሱሻል። ሴንሰር ከሚያነበው ማይክሮኮንትሮለር እስከ ሰርቨሩ ያለውን ሁሉ መያዝ የምትፈልጊ ከሆነ ግን ኤሌክትሪካል ይሻልሻል። ያኔ ፍሬሽማን ላይ የጀመርሽውን ሲ ፕላስ ፕላስ አታቋርጪ፤ ኤምቤድድ (በመሣሪያ ውስጥ ላለ ቺፕ ፕሮግራም የመጻፍ) ሥራ አሁንም በሲና በሲ ፕላስ ፕላስ ነው።

ኢንተርንሺፕ ብዙውን ጊዜ አራተኛ ዓመት ላይ ነው፤ በነባሩ ካሪኩለም ሙሉ ሴሚስተር ይይዛል። ደብዳቤው የሚወጣው ከዩኒቨርሲቲ-ኢንዱስትሪ ትስስር ቢሮ ነው፤ ትላልቅ ድርጅቶች ቦታ ቶሎ ስለሚሞላባቸው ከወራት በፊት አስገቢ። ሎግቡኩን በየቀኑ ሙዪ፤ ከመውጫሽ አንድ ሳምንት ቀድመሽም የሱፐርቫይዘሩን ግምገማ አስፈርመሽ ያዢ። ፈራሚው መስክ ወጥቶ ውጤታቸው "ያልተሟላ" ተብሎ የቀረ ተማሪዎች አሉ።

ፕሮጀክት ላይ የሚያሳዝነው ፕሮቲየስ (ሰርኪትን በኮምፒውተር የሚያስመስል ሶፍትዌር) ላይ ሠርቶ በእጅ ሲገጣጠም የሚሞተው ነው። የተለመደ ምሳሌ፦ በኤስኤምኤስ የሚታዘዝ የውሃ ፓምፕ። ሲም 800ኤል የሚባለው፣ ኤስኤምኤስ የሚልክና የሚቀበል ሞጁል ከ3.4 እስከ 4.4 ቮልት ይፈልጋል፤ ከኔትወርክ ጋር ሲገናኝ ለቅጽበት እስከ 2 አምፔር ይስባል። ተማሪው ከአርዱዊኖው (ፕሮግራሙ ከሚጫንበት ቦርድ) ፒን ወይም ከላፕቶፑ ዩኤስቢ ሲመግበው ቮልቴጁ ይወርድና ሞጁሉ እየጠፋ ይነሳል፤ ከዚያ ሳምንታት ሙሉ ኮድ ውስጥ ስህተት ይፈለጋል። ለብቻው በቂ ከረንት የሚሰጥ ሰፕላይ፣ ከሞጁሉ አጠገብ 1000 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር፣ ግራውንዱን ከአርዱዊኖው ጋር ማያያዝ፣ በቃ። ርዕስ ስትመርጪም እቃው እዚሁ ገበያ ላይ መኖሩን አስቀድመሽ ዞረሽ አረጋግጪ። ከውጭ የሚመጣ ሴንሰር የሚጠብቅ ፕሮጀክት በመከላከያው ቀን ሳጥን ውስጥ ነው የሚገኘው።

ለመውጫ ፈተናው የሚወጣውን ብሉፕሪንት (የሚካተቱትን ኮርሶችና ርዕሶች ዝርዝር) አምስተኛ ዓመት ሳይጀመር አግኚው። የሚያተኩረው በየስትሪሙ ጥልቅ ኮርሶች ላይ ብቻ አይደለም፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ላይ የተማርሻቸው ሰርኪት፣ ኤሌክትሮኒክስ፣ ማሽንስና ሲግናልስ ሁሉ ይመለሳሉ። ስለዚህ የእነዚያን ዓመታት ማስታወሻና ወርክሺት አትስጪ፣ አትጣዪ። የወደቀ ሰው ድጋሚ መቀመጥ ይችላል፤ እስኪያልፍ ድረስ ግን ዲግሪው አይሰጠውም።

ላፕቶፑ። ለኤሌክትሪካል ውድ የጌም ማሽን አያስፈልግም። 8 ጊጋ ባይት ራም ዝቅተኛው ነው፤ በኋላ ወደ 16 ማሳደግ የሚቻልበትን ምረጪ። ማከማቻ ዲስኩ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ዓይነት) ይሁን፣ 256 ጊጋ ያንሳል፣ 512 ይበቃል። ፕሮቲየስ፣ የፒኤልሲ ሶፍትዌሮችና የኤፍፒጂኤ (በፕሮግራም የሚቀየር ቺፕ) መሣሪያዎች በአብዛኛው ዊንዶውስ ላይ ስለሚሠሩ ማክ አትግዢ። የማትላብ (የሒሳብ ስሌት ሶፍትዌር) በፍላሽ የሚዘዋወረው ቅጂ ብዙ ጊዜ ቫይረስ ይዞ ስለሚመጣ ተመሳሳዩን ኦክታቭን ጫኚ፤ ነጻ ነው፣ የሲግናልስና የኮንትሮል የቤት ሥራም ይሠራል። ለሰርኪት ደግሞ ኤልቲስፓይስ በነጻ አለ። ግዢው እስከ ሁለተኛ ዓመት መጀመሪያ ቢቆይ አትጎጂም፤ የፍሬሽማኑ ፕሮግራሚንግ በግቢው ላብ ይሠራል። አሁን እጅሽ ላይ ትንሽ ገንዘብ ካለ ኮምፕሌክስ ቁጥርና የሦስት ያልታወቁ ኢኩዌሽን የሚፈታ ካልኩሌተር ግዢ፤ ካሲዮ ኤፍኤክስ 991 ያደርገዋል። ከመግዛትሽ በፊት ግን የግቢሽ መምህራን ፈተና ላይ ይፈቅዱት እንደሆነ ሲኒየሮችን ጠይቂ።