የሞተር ቤንዚን መክፈቻ ሲያንጠባጥብ፤ ከመግዛትህ በፊት የሚያፈሰውን ቦታ ለይ

ወንድም፣ ጥያቄህ ባጭሩ ይኼ ነው፦ ጅማ ላይ የምትነዳት ባለ ካርቡራቶር ሞተር ከቤንዚን መክፈቻው በኩል ታንጠባጥባለች፣ ዘግተሃት አድራም ጠዋት መሬቱ ርሶ ይገኛል። አንዱ «ሲሊኮን ቀባው»፣ ሌላው «ሙሉውን ቀይረው» ብሎሃል። ሁለቱም ሳያዩ ነው የመለሱልህ። መክፈቻው በአምስት ቦታ ሊያፈስ ይችላል፣ መላውም እንደ ቦታው ነው።

በመጀመሪያ ሞተሯን ከቤት አውጣ። በክረምቱ ዝናብ የተነሳ ብዙ ሰው ማታ ወደ ውስጥ ያስገባታል፣ እዚያው ቤት ደግሞ ከሰል ተያይዞ ቡና ይፈላል። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል እየሄደ እሳቱ ዘንድ ይደርሳል። እስክትሠራ ደጅ ትደር፣ ላስቲክ ጣል አድርግባት።

አሁን ወደ ምርመራው። መክፈቻውን በደረቅ ጨርቅ ጥርግ አድርግና ከሶፍት ትንንሽ ቁራጭ እየቀደድክ አራት ቦታ አስጠጋ፦ ከሰልባትዮው (ከቤንዚን ታንከሩ) ጋር የሚገናኝበት፣ ከእጀታው ጀርባ፣ ከሥሩ ያለችው የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ኩባያ (ካለው)፣ ቱቦው የሚሰካበት። አሥር ደቂቃ ጠብቅ። ጠብታው ሁልጊዜ የሚታየው ከታች ነው፤ ጥፋተኛው ግን መጀመሪያ የረጠበው የላይኛው ቁራጭ ነው። የቆየ ፍሳሽ ከሆነ ቢጫ ወይም ቡናማ ሙጫ የመሰለ ነገር ስለሚተው እሱም ይመራሃል።

አምስተኛው ከውጭ አይታይም። መክፈቻውን ዝጋ፣ ቱቦውን ከካርቡራቶሩ ንቀልና ጫፉን ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ክተተው። ከደቂቃ በኋላ፣ ቱቦው ውስጥ የነበረው ሲያልቅ፣ አንድ ጠብታ እንኳ ከመጣ የውስጡ ጎማ አይዘጋም ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ መካኒክ የሚስተው ነገር አለ። ካርቡራቶሩ በማፍሰሻ ቱቦው ሲያፈስ «የተንሳፋፊው መርፌ (የካርቡራቶሩ ሳህን ሲሞላ ቤንዚኑን የምታቆመው) ነው» ተብሎ መርፌው ብቻ ይቀየራል። መክፈቻው በትክክል ቢዘጋ ግን ካርቡራቶሩ ሌሊቱን ሙሉ የሚያፈሰው ከየት አምጥቶ ነው? ሳህኑ ውስጥ ያለችው ጥቂት ቤንዚን አልቃ ትቆማለች። ስለዚህ ተዘግቶም እስከ ንጋት ካንጠባጠበ መርፌውም መክፈቻውም ታመዋል።

እንዲህ ሲሆን የኢንጂን ዘይቱን ሳታይ አታስነሳ። ዘይቱ ከመለኪያው በላይ ወጥቶ ወይም ቤንዚን ቤንዚን ሸትቶ ካገኘኸው ቤንዚኑ ወደ ውስጥ ወርዷል፤ ዘይት ቀይር። መርገጫው አልወርድ ካለ አታስገድደው፣ ሲሊንደሩ ሞልቶ ይሆናል። ካንዴላውን (እሳት የሚሰጠውን) ፍታ፣ ቁልፉ ተዘግቶ ቀስ ብለህ እርገጥና ይትፋው።

ለመፍታት፦ ኢንጂኑ ቀዝቅዞ፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ተነቅሎ፣ ሜዳ ላይ። ቱቦውን ጀሪካን ውስጥ አስገብተህ መክፈቻውን ሪዘርቭ (መጠባበቂያ) ላይ አድርግ፤ ክፍት ላይ ካደረግከው ከታች የሚቀረው ቤንዚን አይወርድም። ቀስ ብሎ የሚወርድ ከሆነ የሰልባትዮውን ክዳን ክፈት። ፍጥነቱ ከጨመረ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗልና እሱንም አጽዳ። ሰልባትዮው ውስጥ ትንሽ ብቻ ካለ ማውጣትም አያስፈልግ፤ ሰልባትዮውን ነቅለህ መክፈቻው ያለበት ጎን ወደ ላይ ሆኖ ጨርቅ ላይ አስተኛው። ክዳኑ ግን እንዳያፈስ።

መክፈቻው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ባለ 10 ቁልፍ ብሎኖች ይያዛል። በአንድ ትልቅ ዳዶ (ብሎን ላይ የሚጠብቀው) የሚያዝ ዓይነትም አለ፣ እሱ ላይ ተጠንቀቅ፤ አንዳንዱ ዳዶ ግማሹ ቀኝ ግማሹ ግራ ጥርስ ስለሆነ ሲዞር ሁለቱን በአንድ ጊዜ ይስባል ወይም ይገፋል። ከላዩ ወደ ሰልባትዮው የሚገባው ቀጭን ቧንቧና ወንፊት እንዳይጎብጥ ቀጥ አድርገህ አውርድ። የዚያ ቧንቧ ቁመት ነው ሪዘርቭህን የሚወስነው፤ ካጠረ ክፍት ላይ እያለህ ቤንዚኑ ሙሉ በሙሉ ያልቅና መንገድ ላይ ትቀራለህ።

የሰልባትዮው መጋጠሚያ ከሆነ የሚያፈሰው፣ ቀላሉ ነው። ኦሪንጉ (መሃል ያለው የጎማ ቀለበት) ደርቆ ጠፍጣፋ ሆኖ ታገኘዋለህ፣ በልኩ ቤንዚን በሚችል ኦሪንግ ተካው። ብዙ ሰው የሚረሳው የብሎኖቹን ሮንዴላ (ከብሎኑ ራስ ሥር የሚገባውን ቀለበት) ነው። በአንዳንድ ሰልባትዮ የብሎኑ ቀዳዳ እስከ ውስጥ ስለሚዘልቅ ቤንዚኑ በጥርሱ ተከትሎ ይወርዳል፤ ለዚህ ነው ፋብሪካው ፋይበር ወይም ናይለን ሮንዴላ የሚያደርግበት። በብረት ሮንዴላ ከተተካ ኦሪንጉ አዲስ ቢሆንም ያፈሳል።

ከእጀታው ጀርባ የሚያፈስ ወይም ውስጡ የማይዘጋ ከሆነ ፊቱን እይ። በሁለት ትንንሽ ብሎኖች የተያዘ ከሆነ ይጠገናል፣ በሪቬት ከተደፈነ ግን ሙሉውን መቀየር ይቀላል። ሲፈታ ቅደም ተከተሉን በስልክህ አንሳ፦ የፊት ሳህን፣ ሞገድ የመሰለ ስስ ሞላ፣ እጀታ፣ ከዚያ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ክብ ጎማ። ጎማው ላይ የእጀታው ፊት የቆፈረው ቀለበት ይታያል፤ ቤንዚን የሚያልፈው በዚያ ነው። አዲስ እስክታገኝ ድረስ ገልብጠህ በሌላው ፊቱ ግጠመው፣ ለጥቂት ሳምንት ያገለግላል። አዲሱ ውፍረቱ ከአሮጌው እኩል ይሁን፤ ከሳሳ ሞላው አይጫነውም፣ ከወፈረ እጀታው አይዞርም። የእጀታው ፊት ዝገት የበላው ወይም የተጫረ ከሆነ መስታወት ላይ 600 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ዘርግተህ ስምንት ቁጥር እየሠራህ እሸው፣ በ1000 ጨርሰው። ጥልቅ ጉድጓድ ካለው ግን ተወው።

ከከመነዳሪ (ከጎማው ውስጥ አየር ከሚይዘው) ጎማ ቆርጦ ማስገባት የለመደብን ነገር ነው። አታድርገው። ያ ጎማ ቤንዚን ውስጥ እንደ ራሰ ዳቦ ያብጣል፣ ቀዳዳውንም ይደፍናል። ሲሊኮንም ያው ነው፤ ቤንዚን ሲያገኘው ይለሰልስና እየተላጠ ወርዶ ጂግለር (የካርቡራቶሩ ቀጭን የቤንዚን ቀዳዳ) ላይ ይቀመጣል፣ ከዚያ የሚያፈስ ሞተር ብቻ ሳይሆን የማትነሳ ሞተር ይኖርሃል። አጋሮ መንገድ ላይ እያለህ ቢጀምርብህና መጋጠሚያው ላይ ከሆነ፣ ደረቅ ሳሙና ጠቅጥቅበት። ሳሙና በቤንዚን አይሟሟም፣ ቤትህ ያደርስሃል። ከዚያ ያለፈ ተስፋ አትጣልበት።

ሙሉውን ለመቀየር ከወሰንክ «የእንትን ሞተር መክፈቻ» ብለህ ሳይሆን አሮጌውን ይዘህ መርካቶ ውረድ። ከብሎን መሃል እስከ ብሎን መሃል በማስመሪያ ለካ፤ 34 እና 44 ሚሊ ሜትር በብዛት ይገኛሉ፣ በሌላ ልክ የተሠራም አለ። የቱቦው ማውጫ ወደ የት እንደሚዞርና የውስጥ ቧንቧውን ቁመትም አስተያይ። ሱቁ በር ላይ ዝግ አድርገህ በአፍህ ንፋ፤ ትንፋሽ ካለፈ አትግዛው። ሁለት ቱቦ ኖሮት አንዱ ወደ ኢንጂኑ የሚሄድ መክፈቻ ከሆነ የሚከፈተው ኢንጂኑ በሚስበው አየር ነው፤ በባለ አንድ ቱቦው ከተካኸው የኢንጂኑን የአየር ቀዳዳ በጎማ ቆብ ድፈን፣ አለበለዚያ አየር ይስባል። ከዚያ በኋላም ሁልጊዜ በእጅህ መዝጋት አለብህ።

ከመግጠምህ በፊት የሰልባትዮውን ውስጥ እይ። ቤንዚን በሃይላንድ ስትገዛ የሚገባው ውሃና አሸዋ፣ የጅማ እርጥበት ከሚያመጣው ዝገት ጋር ሆኖ፣ አዲሱን ጎማ በአጭር ጊዜ ይቦርሸዋል። አንድ ሊትር ቤንዚን ጨምረህ አናውጠህ ድፋ፣ ንጹሕ እስኪወጣ ደጋግመው። ወንፊቱን በጥርስ ብሩሽ እጠብ። የደረቀ ቱቦ በአዲስ ይቀየር፣ በሽቦ ሳይሆን በፋሼታ (በቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) ይታሰር።

ብሎኖቹን ተራ በተራ እያፈራረቅህ አጥብቅ፤ ሮንዴላው ከነካ በኋላ ሩብ ዙር ያህል በአጭር ቁልፍ ይበቃል። «እንዳያፈስ ልጠርንፈው» ያለ ሰው የሰልባትዮውን ጥርስ ይልጣል፣ ያን ጊዜ ሥራው የብየዳ ይሆናል፤ ቤንዚን የነበረበት ሰልባትዮ መበየድ ደግሞ እንደ ቦምብ ነው።

ግማሽ ሊትር ብቻ ጨምር። ዝግ፣ ክፍት፣ ሪዘርቭ ላይ በየተራ አሥር አሥር ደቂቃ አቆየውና ሶፍቱን መልሰህ አስጠጋ። ደረቅ ከሆነ ሙላው፤ ከሥሩ ጋዜጣ አንጥፈህ ደጅ አሳድራት፣ ጠዋት ጋዜጣውን እይ።