ለጥጥ ጠባቂዎች ምሳ መርጨት

የጥጥን ፍሬ እየቦረቦረ ስለሚበላው ተባይ፣ ስለ ጓይ ትል፣ ከጻፍኩ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። የዛሬዎቹ ሁሉ የሚያጠነጥኑት በምግብ ርጭት ላይ ነው፤ ማለትም ትሉን የሚበሉ ነፍሳትን ለመሳብ ጥጡ ላይ ምግብ መርጨት።

«ማሳዬ ላይ ምግብ ከረጨሁ ትሉንም መጋበዜ አይደል?»

ስጋቱ አይፈረድበትም። ግን ትሉ የመጣው ጥጡን ሊበላ ነው፤ ርጭቱ የተሰናዳው ለጠላቶቹ ነው። የእርሾ ወይም የበቆሎ ዱቄት ውህድ ቅጠል ላይ ሲያርፍ ነጠብጣቧን ጥንዚዛና ሌሎች አዳኝ ነፍሳትን ይጠራል። የሚቀመስ ካገኙ ይቆያሉ፤ እግረ መንገዳቸውን የተባዩን እንቁላል ይለቅማሉ። አውስትራሊያ ውስጥ በተደረጉ ሙከራዎች ደግሞ እርሾ ያለበት ውህድ የተረጨበት ጥጥ ላይ የትሉ እናት የሆነችው የእሳት እራት ራሷ የምትጥለው እንቁላል ቀንሶ ታይቷል። ዘዴው ቤኒንና ኢትዮጵያ ውስጥም ተሠርቶበታል።

«ስኳር ብቻውን አይበቃም?»

ስኳር የመጡትን ለማቆየት ጥሩ ነው። ከሩቅ ለመጥራት ግን እርሾን አይተካም።

«መቼ ልርጭ?»

ቀን ቆጥራችሁ ሳይሆን ማሳውን አይታችሁ። ጎንበስ በሉና ጫፍ ጫፉን ለጋ ቅጠል ፈትሹ። የጓይ ትል እንቁላል ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ አዲሱ ነጣ ያለ፣ ሊፈለፈል ሲል የሚጠቁር። በሙቀት ጊዜ ለመፈልፈል 3 ቀን ገደማ ይበቃዋል፤ ስለዚህ «ሳምንት ቆይቼ አያለሁ» አያዋጣም። እንቁላሉንና ትሉን ቁጠሩ፤ አዳኞቹንም ቁጠሩ። ለ2 ተባይ ቢያንስ 1 አዳኝ ካለ ጠባቂዎቹ ሥራ ላይ ናቸው፤ ተዉአቸው። ካነሱ ርጩ። ማሳውን በሙሉ ማዳረስም የለባችሁም፤ መስመር እየዘለላችሁ መርጨት ይበቃል።

«ትሉ ፍሬው ውስጥ ገብቷል፤ አሁንስ?»

ረፍዷል። ጭንቅላቱን ፍሬው ውስጥ ቀብሮ ኋላው ብቻ ውጭ የቀረውን ትል በምግብ ርጭት አታስወጡትም። በእጅ ልቀሙት፤ ርጭቱ ገና ለሚጣለው እንቁላል ነው።

«ከፀረ-ተባይ ኬሚካል ጋር ቀላቅዬ ብረጨው ጉልበት አይቆጥብልኝም?»

በፍጹም! እንግዳ ጠርቶ መመረዝ ይሆናል።

«ዝናብ ቢመጣስ?»

ካጠበው ድገሙት።

«የመርጫዬ አፍ እየተደፈነ አስመረረኝ።»

ወንፊት ብቻ አይበቃም፤ የዱቄቱ ደቃቅ ሁሉ ያልፋል። ውህዱን በስስ ጨርቅ አጥልሉት፤ ስትጨርሱም መርጫውን ሳታጥቡ አታሳድሩ። ያደረ እርሾ ሽታው ሌላ ጣጣ ነው።