ትልቅ ጓጉንቸር ከመግዛትሽ በፊት በሩን እዪው

አንዲት አንባቢ እንዲህ ስትል ጽፋልኛለች፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምንኖረው በሰበታ መንገድ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ግቢያችን የላሜራ በር አለው። ለመስቀል ቤተሰቡ በሙሉ ወደ ጉራጌ አገር እንወርዳለን፣ ሁለት ሳምንት ገደማም እንቆያለን። አምና ጎረቤታችን እንደኛው ሄዶ ሲመለስ ቴሌቪዥኑም የጋዝ ሲሊንደሩም የለም። ባለቤቴ ትልቅ ጓጉንቸር እንግዛ ይላል። የአክስቱ ልጅ ሰርቪስ ቤት እያደረ ይጠብቅልናል። ትልቁን ቤት በውጭ በኩል ቆልፈን ለመሄድ አስበናል። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልበልሽ። የሰፈራችሁን ስም፣ የምትሄዱበትንና የምትመለሱበትን ቀን ጽፈሽልኝ ነበር። አውጥቼዋለሁ። ይህ ለማይታወቅ ሰው አይነገርም፤ እኔም ላንቺ የማታውቂኝ ሰው ነኝ። በያጅ ስትጠሪም «ለበዓል ስለምንሄድ ቶሎ ጨርስልን» አትበይው። «በሩ አስቸገረን» ካልሽው ይበቃዋል።

አሁን ወደ በሩ እንምጣ። ትልቅ ጓጉንቸር መግዛት ክፋት የለውም። ግን ብየዳ ላይ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፣ ራሱ ተሰብሮ ያየሁት ጓጉንቸር በጣት የሚቆጠር ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው ጓጉንቸሩ የተንጠለጠለበት ብረት ነው።

አንድ ደንበኛዬ ቤቱ ተሰብሮ ጠራኝ። ስደርስ ጓጉንቸሩ በሩ ሥር ጭቃ ላይ ወድቋል። እንደተቆለፈ ነው። አንስቼ ጠረግሁት፤ ጭረት እንኳ የለበትም። ሰውዬው ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ቢያዞረው እንደ አዲስ ጠቅ ብሎ ተከፈተ። ጓጉንቸሩ የሚገባባቸው ቀዳዳ ያላቸው ሁለት ብረቶች፣ ጆሮዎቹ ግን ከበሩ ተገንጥለው አብረውት ወድቀዋል። ጀርባቸውን ገልብጬ ሳይ በእያንዳንዱ ላይ ሦስት የብየዳ ነጥብ ብቻ ነው ያለው፤ ነጥቧም ከምስር ፍሬ ብዙ አትበልጥም። ሌባው ዲጅኖ አስገብቶ አንዴ ጠምዝዞታል፣ አለቀ። ሰውዬው ለጓጉንቸሩ ብዙ ብር አውጥቷል። ቤቱን ሲጠብቁለት የኖሩት ግን እነዚያ ነጥቦች ነበሩ።

ስለዚህ ዛሬ ማታ የስልክሽን መብራት አብሪና ጆሮዎቹን ተመልከቻቸው። ብየዳው ዙሪያቸውን ዞሯል ወይስ እዚህም እዚያም ነጠብጣብ ነው? ብረቱስ ከላሜራ ቁራጭ የወጣ ስስ ነገር ነው? የተበየደውስ በምን ላይ ነው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ትልቁ ነው። ጆሮው ላሜራው ላይ ብቻ ከተለጠፈ፣ ብየዳው ቢበረታ እንኳ ላሜራው ራሱ እንደ ቆርቆሮ ክዳን ይቀደዳል። ጆሮው መያዝ ያለበት በሩ በተሠራበት ቱቦላሬ፣ ማለትም ውስጡ ክፍት በሆነው የብረት ቱቦ ላይ ነው። 6 ሚሊ ውፍረት ካለው ብረት ይቆረጥና በ2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) ቀስ ተብሎ ዙሪያውን ይበየዳል። ቱቦላሬው ስስ ስለሆነ የሚቸኩል በያጅ ይበሳዋል። አጠገቡ ቁሚና «ዙሪያውን ሙላልኝ» በይው። አታፍሪ፣ ገንዘብሽ ነው።

እዚያው እያለ በጓጉንቸሩ ላይ ከ3 ሚሊ ብረት ሳጥን ይሥራልሽ። ሳጥኑ ከታች ብቻ ክፍት ይሁን። እጅሽና ቁልፍሽ ከሥር ይገባሉ፤ ዲጅኖም ሆነ ትልቁ የብረት መቁረጫ ግን ቀለበቱን የሚይዝበት ቦታ አያገኝም። ሁለቱም ሥራ በግማሽ ቀን ያልቃል።

ከዚህ የሚሻል መንገድም አለ። በውጭ የተንጠለጠለ ጓጉንቸር ለሚያልፍ ሰው ሁሉ «ቤት ውስጥ ሰው የለም» ይላል። በመስቀል ሰሞን ደግሞ ሰፈሩ ጭር እንደሚል ሌባም ያውቃል። ትልቁን በር ከውስጥ በላይና በታች መቀርቀሪያ ዝጉት። የታችኛው መቀርቀሪያ የሚገባበት የሲሚንቶ ቀዳዳ በክረምቱ ደለል ስለሚሞላ ጥረጊው። መቀርቀሪያው ቀዳዳው ውስጥ ቢያንስ 5 ሳንቲም መውረድ አለበት። መውጫ መግቢያው በትንሿ የሰው በር ብቻ ይሁን፤ እሷም ከውስጥም ከውጭም በቁልፍ የምትከፈት ሲሊንደር ያላት ቁልፍ ትግባላት። ያኔ ከመንገድ የሚያይ ሰው ግቢው ውስጥ ሰው ይኑር አይኑር አያውቅም።

ሲሊንደሩ፣ ማለትም ቁልፉ የሚገባበት ክፍል፣ ሲገጠም በዙሪያው ካለው የብረት ሳህን ውጭ ተርፎ እንዳይቀር ተጠንቀቂ። ከ3 ሚሊ በላይ ወጥቶ ከታየ ፒንሳ ይይዘውና መሐል ለመሐል ይሰበራል። ገጣሚው «ችግር የለውም» ቢልሽ አትስሚው፣ በልኩ ይቀይር።

ሰዎች ከሚረሱት ውስጥ ማጠፊያው አንደኛ ነው። ብዙው የግቢ በር ማጠፊያ ወንድና ሴት ነው፤ ሴቷ ወንዱ ላይ ትቀመጣለች። የተቆለፈውን በር ሁለት ጎረምሶች ከሥር በዲጅኖ ቢያነሱት ከነቁልፉ ሊወጣ ይችላል። ሞክሩት። አንቺና ባለቤትሽ የተዘጋውን በር ይዛችሁ ወደ ላይ ግፉት። ሁለት ሳንቲም እንኳ ከተነሳ አደጋ አለው። መፍትሔው ቀላል ነው። ከላይኛው ማጠፊያ ሴቷ ብረት በላይ፣ ቋሚው ላይ አንዲት የጣት ጫፍ የምታህል ብረት ትበየዳለች። በሩ ይዞራል፣ መነሳት ግን አይችልም። በዚህች ቁራጭ የዳነ በር አይቻለሁ፤ ሥሩ በዲጅኖ ተጨራምቶ በሩ ግን እንደቆመ ነበር።

ቁልፎቹ ክረምቱን ዝናብ ስለጠጡ ጠጠር ይላሉ። ዘይት አትጨምሪባቸው፤ ዘይት የመንገዱን አቧራ ይይዝና ከወር በኋላ ጭራሽ ያንቃቸዋል። የልጆችሽን እርሳስ ጫፍ በምላጭ ፍቀሽ ጥቁሩን ዱቄት ቁልፉ ላይ ቀቢውና አስገብተሽ አዙሪው።

አሁን ቤቱን ስለሚጠብቅላችሁ ልጅ ላንሳ፤ ስጽፍልሽ ልቤ ያለው እዚህ ላይ ነው። ትልቁን ቤት በውጭ ቆልፋችሁ እሱ ሰርቪስ ቤት ካደረ ችግር የለም። ግን ብርድ ሲሆን ወይም ቴሌቪዥን ለማየት ትልቁ ቤት ላድር ቢላችሁ፣ ሰው በውጭ እንዲቆልፍበት በፍጹም አትፍቀዱ። ሰርቪስ ቤቱም እንደዚያው። ሽቦ ጭሶ እሳት ቢነሳ ያ ልጅ በየት ይወጣል? ሰው «መስኮቱን ሁሉ በፍርግርግ ዝጋልኝ» ሲለኝ እዘጋለታለሁ፤ ከመኝታ ክፍሎቹ መስኮቶች ቢያንስ አንዱን ግን ከውስጥ እንዲከፈት አድርጌ ነው። ደንበኛ ተቆጥቶብኝ ሥራውን ለሌላ ሰጥቶ ያውቃል። አሁንም አልተውኩትም። ፍርግርጉ በማጠፊያ ይሠራና ከውስጥ ይቆለፋል፤ ቁልፉም ከመስኮቱ ራቅ ብሎ፣ ከውጭ እጅ በማይደርስበት፣ ልጁ ግን በጨለማ ዳስሶ በሚያገኘው ቦታ ይሰቀላል። ከመሄዳችሁ በፊት መብራት አጥፍታችሁ አንዴ እንዲከፍተው አድርጉ።

በሩ ሲጠነክር ሌባ ወደ ላይ ያያል። በኛ አካባቢ ብዙ ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ከሥሩ ስስ ኮርኒስ ነው። ሁለት ሦስት ሚስማር ነቅሎ ቆርቆሮውን መግለጥና ኮርኒሱን በእግር መርገጥ ብዙ ድምፅ አያሰማም፤ ዝናብ ካለማ ጭራሽ አይሰማም። ስለዚህ ጣሪያው ላይ የሚያወጣውን ነገር አሳጪው። የሮቶው ማማ ከጣሪያው ስንት ክንድ ይርቃል? አጥሩ ሥር የተደረደረ ብሎኬት አለ? ጎረቤት ቤት እየሠራ ከሆነ አጣናውን ከእናንተ አጥር ያርቅላችሁ፣ በአክብሮት ለምኚው። የራሳችሁን መሰላል ደግሞ ግቢ ውስጥ ተጋድሞ እንዳትተዉት። ሌባ ከቤቱ መሰላል ተሸክሞ አይመጣም።

ውሃና መብራት የሙያዬ ባይሆንም አንድ ሁለት ነገር ልበል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቧንቧው ደርቆ ሳለ ተከፍቶ ይረሳል። እናንተ ወልቂጤ ስትደርሱ ውሃው ሌሊት ይመጣና ሳሎኑን ይሞላል። ቆጣሪው አጠገብ ያለውን መዝጊያ ዝጊው፣ ልጁ ከሮቶው ይጠቀም። መብራቱን ከዋናው አታጥፊው፤ የደጁ አምፖልም አብሮ ይሞታል። የምጣዱንና የሶኬቱን ብሬከር ለይተሽ አውርጂ። ፍሪጁንም ባዶ አድርገሽ ንቀይው፣ በሩን ገርበብ አድርገሽ ተዪው። የካርድ ቆጣሪ ከሆነ አስቀድመሽ ሙይው። የደጁን አምፖል ሌትና ቀን እንደበራ አትተዪው፤ እኩለ ቀን ላይ የሚበራ አምፖል ከጓጉንቸሩ እኩል ያጋልጣል። ሲመሽ በራሱ የሚበራ አምፖል በኤሌክትሪክ ዕቃ ቤቶች ይሸጣል። ካጣሽ ልጁ ያብራ፣ ያጥፋ።

ልጁን ሌላም ነገር አደራ በይው። በመስከረም ደጃፍ ላይ ሣሩ ቶሎ ያድጋል፤ ያልተረገጠ ሣር ደግሞ ወሬኛ ነው። ጠዋት ጠዋት ደጁን ይጥረግ። አንዳንድ ቀን በቀትር ብቅ ይበል፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት አይግባ። ለሰፈሩ የሌሊት ጥበቃና ለቅርብ ጎረቤት ብቻ ንገሩ፤ የልጁንም ስልክ ስጧቸው። የክትፎውንና የደመራውን ፎቶ ልጆቹ ከተመለሱ በኋላ ይልቀቁት።

ባለቤትሽ ጓጉንቸሩን ገዝቶ ከሆነ አትመልሱት። መሰላሉን ከሮቶው ማማ እግር ጋር በሰንሰለት አስራችሁ በእሱ ቆልፉት።