ሁሉም «ያስተላልፋል»?

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ጠያቂው የጂፒኤስን ስህተት ለአውሮፕላኖች የሚያርሙ የምድር ጣቢያዎች ውስጥ ስላለው የሬዲዮ ዕቃ የተጻፈ ማኑዋል ወደ አማርኛ እየመለሱ ነው፣ እና «ጣቢያውም ያስተላልፋል፣ ሳተላይቱም ያስተላልፋል፣ አምፕሊፋየሩና ኮንቨርተሩ ደሞ ሁለቱም ሲግናሉን ከፍ ያደርጋሉ ብዬ ጽፌያለሁ፣ ያስኬዳል ወይ?» ይላሉ።

ሰዋስዉ ምንም አይልም፣ ግን ማን ምን እንደሠራ አይለይም። አስተላለፈ ስንል'ኮ ከሌላ የመጣለትን ወደ ሌላ አሳለፈ ማለታችን ነው፣ ከራሱ የወጣ ከሆነማ ላከ ነው የምንለው። ዋስ (WAAS) የሚባለውን የአሜሪካኖቹን የጂፒኤስ ማረሚያ ሥርዓት እንይ፣ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ያለውን (ስሙ ባማርኛ ገጥሞለታል፣ ሥራውም ለጂፒኤስ ዋስ መቆም ነው)። በየቦታው ያሉት ጣቢያዎች የጂፒኤስን ሲግናል ይቀበላሉ፣ የለኩትን ለማስተር ጣቢያው ይልካሉ፣ እዛ እርማቱ ይሰላል፣ ከዛ ትልቅ ዲሽ ያለው ጣቢያ በ6 ጊጋኸርዝ አካባቢ 35,786 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ ወዳለው ሳተላይት ይልከዋል። ሳተላይቱ መልእክቱን አይነካውም፣ ፍሪኩዌንሲውን ወደ 1575.42 ሜጋኸርዝ አውርዶ ወደ ምድር ይለቀዋል፣ እና በደንብ «አስተላለፈ» የሚባለው እሱ ብቻ ነው። ለአውሮፕላኖቹ ሁሉ አሰራጨ ቢባልም አልቃወምም። የላኪው ጣቢያ ሥራ ደሞ እዚህ አያበቃም፣ የላከውን ሲግናል ከሳተላይቱ መልሶ ይቀበልና ሰዓቱን እያየ ያስተካክላል፣ ሁሉንም ያስተላልፋል ብለን ከጻፍን ይሄ ዙር ጭራሽ አይታይም።

«ከፍ ያደርጋል» ላይ ግን ጠንከር እላለሁ። ኮንቨርተሩ ብዙ ጊዜ 70 ሜጋኸርዝ ላይ ያለውን ሲግናል ተቀብሎ ወደ ጊጋኸርዝ ያወጣዋል፣ ከፍ ያለው ፍሪኩዌንሲው ነው፣ ጉልበቱ አይደለም። ጉልበት የሚጨምረው ከሱ ቀጥሎ ያለው አምፕሊፋየር ነው፣ ለሱ ድምፅ ማጉያ እያልን የለመድነው ማጉላት አለ አይደል፣ «ያጎላል» ይበሉት። አንዳንዱ «ያበዛል» ይላል፣ እሱን ይተዉት፣ ምክንያቱም እዛው የዕቃ መደርደሪያ ላይ ፍሪኩዌንሲን በእውነት በሁለት በሦስት የሚያባዛ ዕቃ ሊኖር ይችላል፣ ያበዛልና ያባዛል ደሞ ባንድ ፊደል ነው የሚለያዩት፣ ቴክኒሻኑ በችኮላ ሲያነብ ይምታታበታል።

«ትራንስሚት ያደርጋል» የሚለው በወሬ ላይ ምንም አይደል፣ ማኑዋሉ ውስጥ ግን «ላከ» የሚል ቃል እያለን አያስፈልግም።