«ዳይ ታው ሃ» ቢሏችሁ አትቆጡ

ለንግድ ወደ ጓንዡ የምትመላለሱና በሆንግ ኮንግ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ በገበያው የቻይና ብሔራዊ ቋንቋ የሆነው ማንዳሪን ቢበዛም የአገሬው ሰው የሚቆጣውም የሚቀልደውም በካንቶኒዝ ነውና፣ ሞኝና ዝንጉ የሚባልባቸውን ቃላት ክብደታቸውን ለይታችሁ እንድታውቁ አደራ እላለሁ።

በመጀመሪያው ዓመቴ በጓንዡ ሺያኦቤ አካባቢ ከአንድ የጨርቅ ሱቅ የናሙና ከረጢቴን ባንኮኒ ላይ ረስቼ ስወጣ፣ ባለሱቋ እናት እስከ ደረጃው ተከትለውኝ ከረጢቱን ደረቴ ላይ ለጠፍ አድርገው «ዳይ ታው ሃ!» አሉኝ። የተሰደብኩ መስሎኝ ሳላመሰግናቸው ሄድኩ፤ ትርጉሙን ስረዳ ግን አፍሬ በማግስቱ ተመልሼ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ቃሉ «ራሰ ትልቅ ሽሪምፕ» (ሽሪምፕ ትንሽ የውኃ እንስሳ ነው) ማለት ሲሆን፣ ዕቃውን በየደረሰበት ለሚረሳ ሰው ይነገራል፤ እናትም ደብተሩን ረስቶ ለሚወጣ ልጇ የምትለው ይህንኑ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ሊቅ ቼን ሺያንጃንግ ስለ አባባሉ ሲጽፍ የሽሪምፕ ራስ ገዝፎ ሥጋው ጥቂት መሆኑን አንሥቷል፤ በእርሱ ዘመን የሚነቀፍበት ግን ዝንጉው ሳይሆን ከአቅሙ በላይ ለመታየት የሚጥረው ነበር።

«ሶ ጃይ» ከወዳጅ አፍ ሲወጣ እንደ እኛ «አንተ ሞኝ» ነው። «ሶ ጁ» ጅል አሳማ ማለት ነው፤ ለእኛ ጆሮ ቢከብድም ፍቅረኞች የሚቆላመጡበት ስለሆነ አትደንግጡ። ፈዞ የቀረን ሰው «ፋት ንጋው ዳው» ይሉታል። «ዉ ሉንግ» ደግሞ ጥቁር ዘንዶ ማለት ሆኖ፣ የሚነቅፈው ሰውየውን ሳይሆን የተምታታውን ሥራ ነው፤ ተጫዋች በገዛ መረቡ ላይ የሚያስቆጥረው ጎልም በዚሁ ስም ይጠራል።

«ንጎንግ ጎይ» ግን ከአፋችሁ አይውጣ። ከባድ የንቀት ቃል ከመሆኑም በላይ የቅርብ ዘመዱ የለየለት ብልግና ነው፤ ትርጉም የሚለዩ ስድስት የድምፅ ቃናዎች ባሉት ቋንቋ ደግሞ የእኛ አንደበት በቀላሉ ይስታል።

ከሁሉ ይልቅ ጆሯችሁን የምትሰጡት ለ«ሶይ ዩ» ይሁን። ሲተረጎም «የውኃ ዓሣ» ቢሆንም የሚጠራው ልስልስ ቅርፊት ያላትን የውኃ ኤሊ ነው፤ በነጋዴ አፍ ግን የተጠየቀውን ሁሉ የሚከፍል፣ እኛ «ሞኝህን ፈልግ» የምንልበት ዓይነት ገዢ ማለት ነው። ሁለት ደላሎች ዋጋ እየነገሯችሁ ይህን ቃል በመካከላቸው ሲለዋወጡ ከሰማችሁ፣ ቀብድ ሳትከፍሉ ውጡና ያንኑ ዕቃ ሌላ ሱቅ ጠይቁ።