ቁርጥርጧን መስመር አትናቋት

ይድረስ የሥነ ምድር ካርታ ሥራ ለምትጀምሩ ወጣቶች፦

ሰሞኑን አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባዬ ታብሌቱን ይዞ መጣና በሁለት ሳምንት የሠራውን ካርታ አሳየኝ። ማዕድን የሞላበት የተራራ ሰንሰለት ነው። ቀለሙ ያምራል። የአለቶቹ ወሰን ጥርት ብሎ ይታያል። እኔ በሱ ዕድሜ ያን ያህል ቦታ ለመሸፈን ሁለት የመስክ ወቅት ይፈጅብኝ ነበር። ቅናት ብጤ ተሰማኝ፣ አልዋሻችሁም። ከዚያ ጣቴን አንድ መስመር ላይ አሳርፌ "እዚህ ቆመህ አይተኸዋል?" አልኩት። ትንሽ አሰበና "አይ ጋሼ፣ እሱን ከሳተላይት ምስሉ ነው የሳልኩት" አለኝ። ቀጥሎ ያለውን ጠየቅኩት። በዚያኛው ላይ በእግሩ ሄዷል። ሁለቱ መስመሮች ግን በውፍረትም በቀለምም ቁርጥ አንድ ናቸው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በነዚያ ሁለት መስመሮች ምክንያት ነው።

ሥራ ስጀምር ያለኝ እርሳስ፣ ኮምፓስ፣ መዶሻና የተጣጠፈ የመሬት አቀማመጥ ካርታ ነበር። በዚያች እርሳስ ግን ሦስት ዓይነት መስመር እንስል ነበር። የሁለት አለቶችን ወሰን በዓይናችን ካየነው ድፍን መስመር። እዚህ አካባቢ ያልፋል ብለን ከገመትን ቁርጥርጥ። አፈር ወይም ናዳ ከሸፈነው ነጠብጣብ። ሕጉ ዛሬም አልተሻረም፣ ምልክቶቹም በየሶፍትዌሩ ውስጥ አሉ። ችግሩ ወዲህ ነው። ወረቀት ላይ ጥርጣሬ ሳትፈልጉትም ይታያል። እርሳሱ ይሳሳል፣ በላጲስ የተፋቀው ቦታ ይቆሽሻል። አለቃህ ያያትና "እዚህ ጋ ምን ሆነህ ነው?" ይልሃል። ታብሌት ላይ ግን እርግጠኛ የሆነ እጅም የሚያመነታ እጅም የሚስሉት አንድ ዓይነት መስመር ነው።

የድሮው ይሻል ነበር ልላችሁ አይደለም። እንደዚያ የሚል ሽማግሌ ሞልቷል፣ አትስሙት። እኔ ጭጋግ በወረደበት ቀን የተሳሳተ ተረተር ላይ ተቀምጬ ግማሽ ቀን ሙሉ የሌላ ተራራ ካርታ ስሠራ ውያለሁ። ጂ.ፒ.ኤስ ከመጣ በኋላም ቢሆን ለሲቪል ተጠቃሚ የሚለቀቀው ምልክት ሆን ተብሎ ይዛባ ስለነበር እስከ 100 ሜትር ድረስ ያሳስት ነበር። ያ የቆመው እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 ነው። ዛሬ ሰማዩ ገለጥ ካለ የኪሳችሁ ስልክ የቆማችሁበትን በጥቂት ሜትሮች ልዩነት ይነግራችኋል። ገደል ሥር ስትሆኑ ግን ተጠንቀቁ። ምልክቱ ከገደሉ ግድግዳ ላይ ነጥሮ ሲመጣ መሣሪያው ይታለላል። የተጋለጠ ጥሩ አለት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት እዚያው ገደል ሥር ነው።

ዙም የሚባለውም ነገር ተንኮለኛ ነው። በ1:50,000 ካርታ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር የምትወፍር የእርሳስ መስመር መሬት ላይ 25 ሜትር ትይዛለች። ወረቀቱ ራሱ "ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ" ይል ነበር። ስክሪኑ ግን የቱንም ያህል ብትጠጉ መስመሯን ቀጭን አድርጎ ያቆያታል። እየተጠጋችሁ ሄዳችሁ መስመሯ ከአንዲት ዛፍ በስተግራ እንደምታልፍ ታያላችሁ። ካርታውን የሠራው ሰው ግን ዛፏን አያውቃትም።

ወደ ሳተላይቱ ልመለስ። ቴራ በተባለችው ሳተላይት ላይ ተጭኖ እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ህዋ የወጣውን አስተር የተባለ መሣሪያ ስም ሳትሰሙ አትቀሩም። ብርሃንን በ14 ባንድ፣ ማለትም በ14 የሞገድ ክልል፣ ከፋፍሎ እንዲያይ የተሠራ ነው። ከነዚህ ውስጥ ስድስቱ በአጭር ሞገድ ኢንፍራሬድ የሚያዩት ለኛ ሙያ ወርቅ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2008 አገልግሎታቸው አቆመ እንጂ ከዚያ በፊት ያነሱት ምስል ዛሬም ይሠራበታል። ካኦሊናይትን፣ አሉናይትንና ሴሪሳይትን የመሳሰሉ ማዕድናት በዚያ ሞገድ አካባቢ ብርሃን ስለሚውጡ የት እንዳሉ መለየት ይቻላል። ትኩስ ማዕድን አዘል ውሃ ያለፈበት አለት ወደነዚህ ስለሚለወጥ፣ ምስሉ ላይ ደምቆ የወጣ ቦታ ሲታይ ልብ ይመታል።

ነገር ግን ሳተላይቱ የሚያየው የአለቱን ቆዳ ብቻ ነው። ሣርና ደን ከሸፈነው ጭራሽ አያየውም። ካኦሊናይት ደግሞ ትኩስ ውሃ ሳይነካው በዝናብና በአየር ጠባይ ብቻም ይፈጠራል። እንዲህ ያለች አንዲት የደመቀች ነጥብ አይቼ ሁለት ቀን በእግሬ ተጉዣለሁ። ያገኘሁት የበሰበሰ ግራናይት ነው። የመመለሻው መንገድ ደግሞ ዳገት ነበር።

አንድ ታሪክ ላውጋችሁ፤ ከዚህ ሙያ ታሪኮች ሁሉ የምወደው ነው። አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ ሳን ማኑዌል የሚባል የመዳብ ክምችት አለ። እንዲህ ዓይነት ክምችት ሲፈጠር በዙሪያው ያለው አለት በቀለበት በቀለበት ይለወጣል። መሐል አንድ ዓይነት ማዕድን፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በሉት። የሳን ማኑዌል ቀለበቶች ግን ሙሉ አልነበሩም። በአንድ በኩል ፎልት፣ ማለትም አለቱ ተሰብሮ የተንሸራተተበት ስንጥቅ፣ ቆርጧቸዋል። ዴቪድ ሎዌል የተባለው ጂኦሎጂስት በ1960ዎቹ ይህን አየና ቀላል ጥያቄ ጠየቀ፦ ሌላኛው ግማሽ የት ሄደ? ፎልቱ ወዴት እንደተንሸራተተ አሰላ። ካሰበው ቦታ ሲቆፈር የጎደለው ግማሽ ከመሬት በታች ተገኘ። ካላማዙ የሚባለው ክምችት ይህ ነው።

አሁን እዚህ ጋ ቆም በሉ። ዲጂታል ካርታ የምንሠራበት የጂ.አይ.ኤስ ሶፍትዌር ያልተዘጋ ፖሊጎን፣ ማለትም ዙሪያው በመስመር ያልገጠመ ቅርጽ፣ አይወድም። መስመራችሁ ካልገጠመ ቀለም አይቀባላችሁም፣ ስህተት ነው ብሎ በቀይ ያሳያችኋል። ማታ ላይ ደክሟችሁ፣ ነገ ካርታው ይፈለጋል ተብላችሁ፣ ሁለቱን ጫፍ ጎትታችሁ ትገጥሙታላችሁ። ቀዩ ምልክት ይጠፋል። ሎዌልን ለግኝት ያበቃው ግን ያልገጠመው ጫፍ ነው። ካርታው ላይ የማይዘጋ ነገር ሲያጋጥማችሁ፣ ከመዝጋታችሁ በፊት ለምን እንዳልተዘጋ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። የፖሊጎኑን ወግ ለማድረስ ብቻ የተሳለች መስመር ካለችም ለብቻዋ ምልክት ይኑራት።

ይህን የምላችሁ ጻድቅ ሆኜ አይደለም። ከዓመታት በፊት የድሮ የወረቀት ካርታዎቼን ወደ ዲጂታል የማዛወር ሥራ ተሰጠኝ። አንድ ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ የምታልፍ የአለት ወሰን ነበረች። ወረቀቱ ላይ ቁርጥርጥ ነች። ሸለቆው ውስጥ አልወረድኩም ነበር። ውሃ አልቆብኝ ነበር፣ ጉልበቴም እምቢ ብሎኝ ነበር። ዲጂታል ሳደርጋት ድፍን አደረግኳት። ምክንያቱን ንገረን ካላችሁ፣ ለዓይን ስለሚያምር ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ከሁለት ዓመት በኋላ ካርታውን የወሰዱ ሰዎች አንድ የቁፋሮ ጉድጓድ መስመሯን ተማምነው አስቆፈሩ። ማሽኑ ወርዶ ወርዶ የሚጠበቀውን አለት አላገኘም። ወሰኑ ለካ ወደ ሌላው አቅጣጫ ያዘነበለ ነው። ማንም አልወቀሰኝም። ካርታው ላይ የቁርጥርጧ መስመር ምልክት ስለሌለ፣ ሁሉም "ተፈጥሮ ነው" ብሎ አለፈው። እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው።

የሚያናድደው፣ ሳልወርድም ስህተቱን ማወቅ እችል ነበር። ያዘነበለ ንብርብር ሸለቆ ሲያቋርጥ ካርታው ላይ የሚሠራው መስመር ይታጠፋል። ቀጥ ብሎ የቆመ ንብርብር ሸለቆውን ሳይታጠፍ ያቋርጣል። ጋደም ያለው የከፍታ መስመሮችን ተከትሎ ይሄዳል። የኔ መስመር የታጠፈችው፣ እኔው ራሴ ከሸለቆው በላይ በኮምፓስ ከለካሁት ዘንበላ ጋር በማይሄድ መንገድ ነበር። ዛሬ ታብሌታችሁ ላይ የመሬቱን ከፍታ በሦስት አውታር እያዞራችሁ ታያላችሁ። ይህን ለመፈተሽ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ፈትሹ።

ስለ ኮምፓስ ካነሳሁ ስልካችሁ የሚለካውን ዘንበላና አቅጣጫ ጠዋት ጠዋት ከእውነተኛ ኮምፓስ ጋር አነጻጽሩት። የታብሌት ሽፋን ውስጥ ብዙ ጊዜ ማግኔት አለ። መዶሻም፣ ማግኔታይት የበዛበት አለትም አቅጣጫውን ያጣምመዋል። አለቱ ግን እውነተኛውንም ኮምፓስ ያሳስታል፤ ያኔ የሚያዋጣው ፀሐይን ወይም ርቆ የሚታይ ጫፍን መጠቀም ነው።

ሌላው ትልቁ ነገር ያያችሁትንና ያሰባችሁትን በተለያየ ሌየር፣ ማለትም አንዱ በሌላው ላይ በሚነጠፍ የካርታ ገጽ፣ ማስቀመጥ ነው። የቆማችሁበት ነጥብ፣ የለካችሁት፣ ያነሳችሁት ናሙና ባንድ ሌየር ይሁን። መስመሩና ቀለሙ በሌላ። የመጀመሪያውን አትንኩት። ሁለተኛውን የፈለጋችሁትን ያህል ቀይሩት፣ የሚመጣው ትውልድም ይቀይረው። የእያንዳንዱ መስመር ሠንጠረዥ ውስጥ ደግሞ "በምን ታወቀ?" የምትል አንዲት ዓምድ ጨምሩ። በእግር፣ ከሩቅ በዓይን፣ ከምስል፣ በግምት። አንዳንድ ድርጅት ይህን ግዴታ ያደርገዋል፣ አንዳንዱ ግድ የለውም። ግድ የሌለው ጋ ብትገቡም እናንተ ሙሉት።

"ግምት" የሚለው ቃል ብዙ ቦታ ከታየ አለቃ ይቆጣል ብላችሁ ትፈሩ ይሆናል። አንዳንዱ ይቆጣል። እኔም በአለቅነት ዘመኔ ተቆጥቼ አውቃለሁ፣ ይቅር በሉኝ። የሚገባው አለቃ ግን ቁርጥርጧን መስመር ሲያይ በሚቀጥለው ወቅት ሰው የት እንደሚልክ ያውቃል።

ያ ወጣት ካርታውን ይዞ ከሄደ በኋላ የድሮውን ፋይሌን ከፈትኩ። ያቺ መስመር አለች፣ ድፍን እንደሆነች። ቁርጥርጥ አደረግኳት። ሶፍትዌሩ ለማስታወሻ የሚሰጠው ቦታ ጠባብ ነው፣ ቃል መመጠን ነበረብኝ። እንዲህ ብዬ ሞላሁት፦ "ከላይ በዓይን የተገመተ። ሸለቆው ውስጥ አልወረድኩም።"